ማንም አልነገረኝም

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀጉር ሠሪዋ ከመታጠቢያው ጀርባ ወዳለችው የፎጣ ክፍል ገባችና በሩን ከውስጥ ቀርቅራ፣ የሞተች እህቷን ሆና ወደ ገዛ እናቷ ደወለች። ክፍሏ ክፍል ለመባል ያህል ነው እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። በአንድ ወገን እርጥብ ፎጣ ተሰቅሏል፤ በሌላው ወገን የቀለምና የሻምፑ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ መሐል ላይ አንዲት የተገለበጠች ባልዲ አለች። እሷ ላይ ትቀመጣለች። ስልኩ እስኪነሳ ድረስ ትከሻዋን ታላላለች፣ አገጯን ትንሽ ቀና ታደርጋለች፣ ከዚያ ከአፍንጫ ሥር የሚመጣውን፣ ሁልጊዜ ሊስቅ የተዘጋጀ የሚመስለውን የእህቷን ድምፅ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ፈልጋ ማምጣት ነበረባት። አሁን አሁን ግን ባልዲዋ ላይ ገና ስትቀመጥ ራሱ ይመጣል። ሊያስፈራት የጀመረውም ይኸው ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ወይ የኔ ዓለም! ምነው ዛሬ ዘገየሽ? እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ስልኩን ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ እኮ!»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው። ልብሽ እንዴት ነው?»

«ልቤማ ምን ይሆናል፣ ከሰዓት የበለጠ ይሄዳል። እህትሽ ያለ ጨው ሾርባ እያጠጣች ልትገድለኝ ነው እንጂ። እስቲ አንቺ ተቆጪልኝ፣ እኔንማ አትሰማኝም።»

ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ስትከሰስ ሰምታ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ወደ ውስጥ የሚሳበው የእህቷ ሳቅ ነበር። እናቷ ወሬዋን ቀጠለች። ዘይት ጨምሯል፣ ሽንኩርት አይቀመስም፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ልጇን ድራ አንድም ሰው አልጠራችም። «አንቺ አገርስ ሽንኩርት ስንት ገባ?» ብላ ጠየቀች፣ እንደ ሁልጊዜው። ፀጉር ሠሪዋ እህቷ በሕይወት ሳለች ለመጨረሻ ጊዜ ደውላ የነገረቻቸውን ዋጋ ደገመችላት። በዚያ አገር ሽንኩርት እህቷ ከሞተች ወዲህ አምስት ሳንቲም ጨምሮ አያውቅም። «የታደላችሁ!» አለች እናቷ።

ነገሩ ሲጀመር ማንም አስቦ አልጀመረውም። እህትየው ባሕር ማዶ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አንድ ማለዳ ከተኛችበት ሳትነሳ ቀረች፤ እዚያው ተቀበረች። ወሬው የደረሰው ለታላቅ ወንድማቸው፣ ለቦቴ ሾፌሩ ነው። እናትየው ግን በዚያው ሰሞን ልቧን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሐኪም ቤት ገና መውጣቷ ነበር፤ ሐኪሙም ለእሷ ድንጋጤ ማለት ሞት ነው ብሏል። ትንሽ ትጠንክርና እንነግራታለን ተባባሉ። በዚህ መሐል ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ ቦታዋ ቁጥር ወደማያሳየው የቤት ስልክ ደውላ «እማዬ» ስትል፣ እናቷ የሟቿን ስም ጠርታ በደስታ አለቀሰች። የሁለቱ ድምፅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው ያሳስት ነበር። አይደለሁም ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል ግን «አዎ» የሚል ሆነ። ያቺ አዎ ክረምት አሳለፈች፣ በጋ አሳለፈች። የሟቿ ልጅ፣ አያቷ ዘንድ የምታድገው የዘጠኝ ዓመቷ ልጅም አልተነገራትም፤ ለልጅ የተነገረ ለከተማ ተነገረ ብሎ ወንድማቸው ከለከለ።

«በይ ልጅሽ መጣችልሽ» አለች እናቷ፤ ስልኩ እጅ ሲለውጥ ተንኮሻኮሸ። ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷ «ደህና ነኝ» ስትል ሁልጊዜ ቶሎ ብላ ትዘጋለች፤ ልጅቷም ከዚያ በላይ ተናግራ አታውቅም። ትምህርት ቤትም፣ ደረጃ ላይም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በምትሄድበት የልጆች የዘፈን ቡድን ውስጥም ቢሆን ከአንድ ቃል በላይ አይወጣትም፤ ልጆቹ «ጭጭ» የሚል ስም አውጥተውላት ቤተሰቡም ለምዶት ቀርቷል። ዛሬ ግን ትንፋሿ ስልኩ ውስጥ ትንሽ ቆየና እንዲህ አለች፦

«እማዬ፣ ስታስተኚኝ ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪኝ?»

ፀጉር ሠሪዋ ስሙን አታውቀውም፤ እህቷ ልጇን ስታስተኛ አጠገቧ ቆማ አታውቅም። ከበሩ ማዶ የፀጉር ማድረቂያው ያጓራል። «ሄሎ? ሄሎ? መስመሩ ተቆራረጠብኝ እኮ» አለችና ዘጋችው። 

ስትወጣ አንዲት ደንበኛ ማድረቂያው ሥር ሆና ስለ ቀለም ዋጋ ትጨቃጨቃለች። ባለፈው ይህን ያህል ነበር፣ ዛሬ ምን መጣ፣ ሰው ፀጉሩን ይላጭ ወይ? ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አንስታ፣ «እኛስ ምን እናድርግ እትዬ፣ ቀለሙም እንደ ሰው ኑሮ ተወዶበት ነው» አለቻት። ደንበኛዋ አንገቷን ከማድረቂያው አውጥታ በመስታወቱ ውስጥ አተኩራ አየቻት። «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ አንቺ ልጅ? ድምፅሽ የሌላ ሰው ሆነብኝ።» ያኔ ነው ገና እህቷን ሆና እየተናገረች መሆኗን ያወቀችው። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ውኃ ጠጣች፣ ደግማ ጠረገች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል ሳትናገር ሠራች፤ የራሷን ድምፅ ፈልጋ የምታጣው እየመሰላት።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ወደ ዘፈን ቡድኗ ወሰደቻት። ሌላ ጊዜ በር ላይ አድርሳት ትመለስ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን መምህሩ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ይዞ እንዲመጣ አዝዟል፤ አያቷ ልሂድ ስትል ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ አክስቷ ጠቆመች። «አንቺ ነይ እታለም» አለቻት፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ከስልኩ ውጭ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የሚሄዱበት ክፍል ከአንድ አናጢ ቤት በላይ ያለ ነው። መጋዙ ከሥር ሲያጓራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰጋቱራው በጣውላዎቹ ስንጥቅ እየወጣ የልጆቹን ካልሲ ያለብሳል። ወንበሮቹ ከየቤቱ የተለገሱ ስለሆኑ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። አንድ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ አንድ አሮጌ ኪቦርድ አለ፤ ሁለት ቁልፎቹ ስለማይሠሩ ልጆቹ የሚያወጡት ዜማ ሁሉ እነዚያን ሁለት ቦታዎች እንደ ኩሬ እየዘለለ ነው የሚሄደው።

መምህሩ በሰርግ ቤት ባንድ ውስጥ ሲጫወት ያረጀ ቀጭን ሰውዬ ነው። አንድ ጆሮው በድምፅ ማጉያ ብዛት ደንቁሯል፤ ስለዚህ የሚናገረው ልጅ በደህናው ጆሮው በኩል መጥቶ እንዲቆም ይጠይቃል፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ የመጣ ቃል አይባረርም። ግጥም ቤት ቢመታም ባይመታም፣ ቢያስቅም ቢያሳፍርም፣ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ከዚያ ሁሉም ተረባርቦ ያቃናዋል። ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራቸው በቤታቸው የሚሰሙትን አንድ ድምፅ ይዘው መምጣት ነበር። ወላጆቹ ከኋላ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ፀጉር ሠሪዋ በር አጠገብ ያለችውን ዱካ ያዘች።

መጀመሪያ የተነሳው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ስለተራራቁ ፍንጭት ይሉታል። «የኛ ፍሪጅ ሌሊት ያንጎራጉራል» አለ። «ውስጡ ግን ምንም የለም።» ልጆቹ ተሳሳቁ፤ አባቱ ከኋላ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ትንሽ ተሟገቱና እንዲህ አደረጉት፦

የኛ ቤት ፍሪጅ ሌሊት ያንጎራጉራል፣
ውስጡ ምንም የለም፣ ምን በልቶ ያገሳል?

ጋጋሪው ራሱ ሳይወድ ሳቀ። ቀጥለው የዘበኛው መንታ ልጆች እርስ በርስ ቃል እየተነጣጠቁ ከላያቸው ስላሉት ባልና ሚስት አመጡ፦

ከላይ ያሉት ሰዎች ሲጣሉ ያድራሉ፣
ጠዋት ደረጃው ላይ «ደህና አደርን» ይላሉ።

መምህሩ በኪቦርዱ ተከተላቸው፤ ልጆቹ በእግራቸው ወለሉን እየመቱ፣ ከሥር ያለውን መጋዝ ሳይቀር ወደ ዘፈኑ አስገቡት። ፀጉር ሠሪዋ ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለል አላት። የዛሬው ቀን እንዲሁ አልፎ እንደሚሄድ መሰላት። ያኔ ጭጭ ከወንበሯ ተነሳች።

 ልጅቷ በመምህሩ ደህና ጆሮ በኩል ሄዳ ቆመች፤ እሱ ጎንበስ አለላት። በሹክሹክታ ነገረችው። «ለእነሱ ንገሪያቸው» አላት። «ሰሌዳው የጋራ ነው።»

ልጅቷ ዞረች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ የምትደውልልኝ እናቴ አይደለችም» አለች።

«ታዲያ ማን ናት?» አለ ፍንጭት።

«ሌላ ሰው ናት። እናቴ ከእኔ ቀድማ ስልክ ዘግታ አታውቅም ነበር። ይህቺ ትዘጋለች። ደግሞ ከኋላዋ የፀጉር ማድረቂያ ይሰማል።»

«እናትሽስ?» አለች አንዷ መንታ።

«እናቴ ሞታለች። ማንም አልነገረኝም እንጂ።»

ከኋላ ከተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ሴት አፏን በሻርፗ ያዘች። የፀጉር ሠሪዋን አፍንጫ እጆቿ ላይ የቀረው የቀለም ሽታ ሰነጠቀው፤ ልትወጣ የበሩን እጀታ ያዘች፣ መልሳ ለቀቀችው። ልጆቹ ብቻ ናቸው ያልደነገጡት። ሰሌዳው ላይ ቃል ወድቋል፤ የእነሱ ሥራ ማቃናት ነው። ፍንጭት ጭንቅላቱን እያከከ፣ «‹ማንም አልነገረኝም› አሪፍ ነው» አለ። «እሱን ሁላችንም እንበለው። የኔም ቤት አባቴ ከሥራ መባረሩን ማንም አልነገረኝም፤ ፍሪጁ ነው የነገረኝ።» ጋጋሪው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። መንታዎቹም ለእኛም ይሆናል አሉ። አንድ ሌላ ልጅ ለእኔም አለ፤ ምኑን እንደሆነ ግን አልተናገረም። መምህሩ ጠመኔውን ለልጅቷ ሰጣት። ብዙ ተጻፈ፣ ብዙ ተሰረዘ፤ «እስክል»ን ማን እንዳመጣው፣ «አሉኝ»ና «ሰጡኝ»ን ማን እንዳገጠማቸው ሊለይ እስከማይችል ድረስ ተረባረቡበት። በመጨረሻ መምህሩ ማን ይዝፈነው ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ ጭጭ ዞሩ።

ልጅቷ መምህሩን አላየችም። ሰሌዳውንም አላየችም። በር አጠገብ ዱካ ላይ የተቀመጠችውን አክስቷን ነበር የምታየው።

ቅዳሜ ስልክ ሲጠራ እናትሽ ናት አሉኝ፣
ጠይቄ ሳልጨርስ ዝምታ ብቻ ሰጡኝ።
እናቴ ከእኔ ቀድማ ስልክ ዘግታ አታውቅም፣
ይህቺ ትቸኩላለች፣ ቻው እስክል አትቆይም።

ልጆቹ ወለሉን እየመቱ ተቀበሏት፦

ማንም አልነገረኝም፣ ማንም አልነገረኝም፣
እኔ ግን ሰማሁት፣ ግድግዳ አይደለሁም።

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው እያነከሰ ወጣ፤ ከዚያ እየጠና፣ እየሞቀ ሄደ። ፀጉር ሠሪዋን ያንቀጠቀጣት ግጥሙ ብቻ አልነበረም። ከአፍንጫ ሥር የሚመጣ፣ ሊስቅ የተዘጋጀ የሚመስል ድምፅ ነበር። እሷ ስንት ጊዜ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የኮረጀችው ድምፅ፣ እህቷ የተወችው ራሱ፣ ሳይኮረጅ፣ በዚያች ትንሽ ደረት ውስጥ ቁጭ ብሎ ኖሯል። ልጅቷ ዝም ባለችባቸው ወራት ሁሉ እዚያው ነበር።

ልጆቹ ሲበታተኑ መምህሩን ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። «እባክዎ ጋሼ፣ ያንን ስንኝ ያውጡት። በሚመጣው ቅዳሜ ለወላጆች በምታቀርቡት ዝግጅት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ሊሰማው ነው። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት።»

ሰውዬው ደህና ጆሮውን ወደ እሷ አዙሮ እስከ መጨረሻው ሰማት። ማን እንደሆነች ገብቶታል፤ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ግን አልወቀሳትም። «የኔ ቢሆን አወጣው ነበር እህቴ» አላት። «የእነሱ ነው። እሷን ጠይቂያት።»

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ታክሲ ለመሳፈር ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ደግሞም ከሰው መሐል ተጨናንቆ ዝም ማለት ከብዷት ነበር። በመንገድ ዳር ሰው ካልሲና የስልክ ሽፋን ዘርግቶ ዋጋ ይጠራል፤ ልጅቷ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ መስመር ሳትረግጥ ትሄዳለች። ፀጉር ሠሪዋ ብዙ ጊዜ ልትናገር ጀመረች፤ ሁልጊዜም በየትኛው ድምፅ እንደምትናገር ስለማታውቅ ተወችው። በመጨረሻ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«አጎቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃ ከፍቶ ሲያለቅስ ሰማሁ» አለች ልጅቷ። «ከዚያ በኋላ ሁላችሁም ደግ ሆናችሁ። አጎቴ መቆጣት ተወ። አንቺም ፀጉሬን ስትሠሪኝ ሳትጎትቺ መሥራት ጀመርሽ። ሰው ዝም ብሎ ደግ አይሆንም።»

«ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?»

«ስትደውዪ እማማ ደስ ይላት ነበር። ቀኑን ሙሉ ትዘፍናለች።» ትንሽ ሄደችና ቆመች። «ግን ሰልችቶኛል። ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ ለማን ብዬ ላልቅስ? እናትሽ ደህና ናት ትሉኛላችሁ።»

«የእማማ ልብ እኮ . . .»

«የእሷ ብቻ ነው እንዴ ልብ?»

ፀጉር ሠሪዋ መንገድ መሐል ቀረች። ሰው እየገፋት አለፈ። ልጅቷ ተመልሳ በእጇ ያዘቻትና ሰው መሐል እንደጠፋ ልጅ እየመራች አሻገረቻት።

ቤት ሲደርሱ ቦቴ ሾፌሩ ወንድሟ ከመንገድ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ እየቆረሰ ነበር። እናትየው በውስጠኛው ክፍል አልጋዋ ላይ ተደግፋ ታንጎራጉራለች፤ ቅዳሜ ማታ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ፀጉር ሠሪዋ ወንድሟን ወደ ኩሽና ጠርታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «አንድ ያረጀ ዘፋኝ ቤታችንን ያፍርሰው?» አለ በሹክሹክታ። «ልጅቷን ከነገ ጀምሮ አትልኪያት። እኔ አናግራታለሁ፣ ታመመች እንጂ አልሞተችም እላታለሁ።»

«ታውቃለች እያልኩህ!»

«ልጅ ምን ያውቃል! እናታችን ብትሞትስ? ደሟን ማን ይሸከመዋል?»

ፀጉር ሠሪዋ ቧንቧውን ዘጋችው። «እኔ እሸከመዋለሁ» አለች። «ሟቿንም የተሸከምኳት እኔ ነኝ፤ እዚህ ጉሮሮዬ ውስጥ። ዛሬ ከደንበኛ ጋር ስለ ቀለም ዋጋ ስጨቃጨቅ እሷ ነበረች የምትጨቃጨቀው። ወንድሜ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ወጥታ የማትሄድ እየመሰለኝ ነው።»

 እሷ የእናቷን መድኃኒትና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ልጅቷ ተከትላት ገብታ አልጋው ግርጌ ተቀመጠች። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቷል።

«እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«ባል አገኘሽ?» አለች እናቷ እየሳቀች። «በሞቴ፣ ፀጉር ያለው ሰው ይሁን፤ በነፃ ትሠሪዋለሽ።»

ፀጉር ሠሪዋ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። እናቷ ፊቷን ስታይ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እህቴ አርፋለች እማዬ። ከሞተች ቆየች።»

«ምን ትላለች ይህቺ? ጠዋት አናግሬያታለሁ እኮ።»

«እኔ ነበርኩ።»

እናትየው የልጇን አፍ አየችው፤ ሌላ ሰው እንደምታይ አድርጋ፣ ከንፈሯን፣ ጉሮሮዋን። እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «ውኃ! ውኃውን ስጫት!» አለ። እናትየው ብርጭቆውን ገፋችው።  ልቧ አልቆመም፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉንም እየሰማች፣ እየገባት፣ ልቧ እንደ ሰዓት መሄዱን ቀጠለ።

«እስቲ እንደ እሷ ጥሪኝ» አለች በመጨረሻ።

«አልችልም እማዬ።»

«ትችያለሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ችለሽ የለ? አንዴ ብቻ። መሞቷን ካወቅሁ በኋላ አንዴ ልስማት።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ሁለቱንም ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ይዛ ነበር። «አልችልም» አለች እንደገና። አያትየውም ዞራ የልጅ ልጇን አየቻት።

«አንቺስ? ታውቂ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ልብሽ ይቆማል አሉ።»

አያትየው እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አልጋው ላይ ወጥታ ተጠጋቻት። «በዘፈናችን ውስጥ አስገብቼዋለሁ» አለቻት፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ በዝግታ፣ ፊቷን በአያቷ ትከሻ ደብቃ ዘፈነችው። ያለ ኪቦርድ፣ ያለ መጋዝ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንኙ የከሰዓቱ አልመስል አለ። «ማንም አልነገረኝም» ላይ ስትደርስ አያትየው መወዛወዝ ጀመረች። ልጅቷ ስትጨርስ አሮጊቷ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ፣ በዚያው ዜማ፣ በተሰበረ ድምፅ ቀጠለችላት፦

ልቤን ሲጠብቁት ልጄን ቀበሩብኝ፣
የሟች ድምፅ እያሰሙ ለቅሶዬን ሰረቁብኝ።

«ድገሚው እማማ» አለች ልጅቷ፤ አያቷ ደገመችው፤ ሁለተኛው ላይ ልጅቷ አብራት አለች። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ማዜም አልቻሉም፤ ለቅሶ ሆነ። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታለቅስ ያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማት። ቦቴ ሾፌሩ የበሩን መቃን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ውኃ ሳይከፍት አለቀሰ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምታ ደረጃውን ስትወጣ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ተሰማ፤ ከኋላዋም ሌሎች።

ፀጉር ሠሪዋ ብቻ እንደተንበረከከች ደርቃ ቀረች። እህቷ ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን አላለቀሰችላትም፤ በየሳምንቱ ለምትደውል ሰው እንዴት ብላ ታልቅስ? አሁን ግን ከደረቷ የሆነ ነገር ተነቅሎ ወደ ላይ ሲመጣ ተሰማት። አፏን ከፈተች። የወጣው ለቅሶ ከአፍንጫ ሥር የሚመጣ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ውስጥ የሚሳብ ነበር። በሁለት እጇ አፏን ያዘችው፤ አልቆም አላት።

እናቷ ለቅሶዋን አቋረጠች። አንገቷን ከልጅቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብላ ቀና አደረገችና፣ የሞተችው ልጇ የገባች ይመስል፣ ወደ በሩ አየች።